አማዞን ደን ውስጥ ማደሪያ ስትመርጡ፦ አልጋውን በመጨረሻ እዩት

አማዞን መሄድ የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያሳዩኝ የክፍል ፎቶ ነው። ነጭ አጎበር የተጣለበት አልጋ፣ በረንዳ ላይ የተወጠረ ሃሞክ (የገመድ ወይም የጨርቅ ተንጠልጣይ አልጋ)፣ ከጀርባ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ። «ይሄስ እንዴት ነው?» ይላሉ። ክፍሉማ ያምራል። ግን ሎጁ የትኛው ወንዝ ላይ ነው? ጫካ ይዟችሁ የሚገባው ማን ነው? ባለቤቱስ? እነዚህ ሦስቱ ሳይታወቁ የአልጋው ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። እዚያ ክፍል ውስጥ የምትሆኑት ለመተኛትና ዝናብ ሲይዛችሁ ነው። ገንዘባችሁ የሚሄደው ለጀልባው፣ ለአስጎብኚውና ለቦታው ነው። ስለዚህ ምርጫውም ከዚያ ይጀምር።

መጀመሪያ መግቢያ ከተማችሁን ወስኑ

አማዞን አንድ ቦታ አይደለም። ስምንት አገሮችና የፈረንሳይ ጉያና ይካፈሉታል፣ ከደኑ 60 በመቶ ገደማው ብራዚል ውስጥ ነው። ሎጅ ፍለጋ ግን የሚጀመረው ከአገር ሳይሆን ከከተማ ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፍባትና ጀልባ የሚነሳባት ከተማ የቀረውን ሁሉ ትወስናለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔ የምመክረው ፔሩ ውስጥ ያለችውን ፑዌርቶ ማልዶናዶን ነው። ከኩስኮ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። የጥንቷን የኢንካ ከተማ ማቹ ፒቹን ሊያይ የሄደ ሰው ጥቂት ቀን ጨምሮ ይደርሳታል። ገንዘብ ቆጣቢ ከሆናችሁ ሌሊቱን የሚጓዝ አውቶቡስም አለ፣ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ የታምቦፓታ ጥብቅ ደን ነው። የታምቦፓታ ዝናው የወንዝ ዳር ገደሎቹ ናቸው። ማለዳ ላይ ማካውና ሌሎች በቀቀኖች በመቶ እየሆኑ ይወርዱና፣ ከብት ቦሌ እንደሚልስ፣ የገደሉን አፈር ይበላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጫጫታው ደግሞ ሌላ። ሎጃችሁ ለእነዚህ ገደሎች ቅርብ ካልሆነ በሌሊት ተነስታችሁ ረጅም ጀልባ ትሳፈራላችሁ፣ ስለዚህ ርቀቱን ጠይቁ።

ኢኪቶስም ፔሩ ናት፣ ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። ትልቅ ከተማ ሆና ከተቀረው አገር ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም። ወይ ትበራላችሁ፣ ወይ በጭነት ጀልባ ቀናት ትጓዛላችሁ። ሎጅ ሞልቷል፣ ከርካሽ እስከ ውድ። ችግሩም ይሄው መብዛቱ ነው። ከከተማዋ አንድ ሰዓት የማይርቁት ብዙዎቹ ለዓመታት የታደነና የተመነጠረ ጫካ ውስጥ ናቸው። ዛፍ ታያላችሁ። እንስሳ ግን ብዙም አትጠብቁ።

የኤኳዶሯ ኮካ ከዋና ከተማው ከኪቶ በአጭር በረራ ትገኛለች። ከኮካ በናፖ ወንዝ በሞተር ጀልባ ለሰዓታት ቁልቁል ተወርዶ ያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ይደረሳል። ሎጆቹ በአብዛኛው ውድ ናቸው፣ አስጎብኚዎቹ ግን አንደኛ ናቸው። ወንዙ ላይ የነዳጅ ኩባንያ ጀልባ ብታዩ አትደንግጡ። አካባቢው ነዳጅ ያለበት ነው፣ የኤኳዶር ሕዝብም በ2023 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በሕዝበ ውሳኔ ያሱኒ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የነዳጅ ቁፋሮ እንዲቆም ወስኗል።

ብራዚል ከሆነ ማናውስ ናት። ትንኝ የሚያማርራችሁ ሰዎች ከሆናችሁ ማናውስን አስቡ፣ ምክንያቱም የሪዮ ኔግሮ ጥቁር ውሃ አሲድ ስለሚበዛው ትንኝ እንደ ልቧ አትራባበትም። በዚሁ ወንዝ ሽቅብ፣ አናቪልያናስ የሚባሉት ደሴቶች አካባቢ ያሉ ትናንሽ ሎጆች ከልጆች ጋር ለሚሄድ ቤተሰብ ይስማማሉ። ራቅ ማለት የሚፈልግ ደግሞ እስከ ቴፌ ከተማ ይብረርና ማሚራውዋ ጥብቅ ስፍራ ይግባ። እዚያ ውሃው በዓመት ከ10 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ስለሚል ሎጁ ራሱ የተሠራው ውሃ ላይ ተንሳፎ ነው። ፊቱ ቲማቲም የመሰለ ኡዋካሪ የሚባል ጦጣ የሚታየውም እዚያ ነው።

የቦሊቪያዋ ሩሬናባኬ ከሁሉም ርካሽ ናት። ስለ እሷ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ።

ዝናቡን ሳይሆን ውሃውን ጠይቁ

«የዝናብ ወቅት መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅማችሁም። ዝናብማ ሁልጊዜም ሊዘንብ ይችላል። ቁም ነገሩ ወንዙ ሞልቷል ወይስ ጎድሏል የሚለው ነው።

ማናውስ ላይ ውሃው ጫፍ የሚደርሰው ሰኔ አካባቢ ነው፤ ወለል የሚነካው ጥቅምትና ኅዳር ላይ። ሲሞላ ጫካው ራሱ ይዋጣል፣ በታንኳ በዛፎቹ መሃል ትቀዝፋላችሁ፣ ጦጣዎቹም ዓይናችሁ ትይዩ ይሆናሉ። በእግር መሄጃ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሲጎድል ተቃራኒው ነው። የእግር መንገዱ ይከፈታል፣ ዓሣው በየኩሬው ይታጎራል፣ ወፉና ካይማኑ (የአዞ ዘመድ ነው) ደግሞ ዓሣውን ብለው ዳር ዳሩን ይሰለፋሉ። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ለእኔ የሞላው ጊዜ ነው። መራመድ የሚወድ ሰው በዚህ አይስማማም።

አሁን አንድ አዲስ ጣጣ አለ። በ2023ና በ2024 ከባድ ድርቅ ነበር። ከ1902 ጀምሮ በሚለካው የማናውስ ወደብ መዝገብ ዝቅተኛው የውሃ መጠን ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሰበረ። ጀልባ የሚገባባቸው ጅረቶች ደርቀው አሸዋ ሆነው ነበር። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር የምትሄዱ ከሆነ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ውሃው ከወትሮው ካነሰ እንዴት ነው የምታደርሱን? ምን ያህል በእግር እንሄዳለን? ካልተቻለስ ገንዘባችን ይመለሳል?» ይሄን ያሰበበት ሎጅ ወዲያው ይመልሳል። ያላሰበበት «ችግር የለም» ይላችኋል።

ታምቦፓታ በኩል ደረቁ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት መባቻ ነው፣ ለመሄድ ጥሩው ጊዜም ያው ነው። ግን በዚሁ ወቅት አንዳንዴ ከደቡብ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፣ ፍሪያሄ ይሉታል። የሙቀት መጠኑ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ግድግዳ በሌለው ክፍል ውስጥ 10 ዲግሪ ቀልድ አይደለም። ብርድ ልብስ አላቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ጃኬትም ያዙ፤ ማለዳ ጀልባ ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

«3 ቀን 2 ሌሊት» ስንት ቀን ነው?

አንድ ቀን ነው።

እንቁጠረው። በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላናችሁ ቀትር ላይ ያርፋል። ከተማ ውስጥ ባለው ቢሯቸው ትልቁን ሻንጣ ታስቀምጣላችሁ፣ መኪና፣ ከዚያ ጀልባ። ስትደርሱ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። እራት፣ ትንሽ የሌሊት ዙረት፣ እንቅልፍ። በሦስተኛው ቀን በረራው እንዳያመልጣችሁ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቁርስ በልታችሁ ጀልባ ላይ ናችሁ። መሃል ላይ የቀረችው አንዷ ቀን ናት። እሷም ዝናብ ከወረደባት በቃ።

«4 ቀን 3 ሌሊት» ግን ሁለት ሙሉ ቀን አለው። የአንድ ሌሊት ዋጋ ብቻ ጨምራችሁ ጫካ ውስጥ የምታሳልፉት ጊዜ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ገንዘብ ካጠረ ክፍሉን ቀንሱ እንጂ ሌሊቱን አትቀንሱ። ሎጁ ከከተማ ከራቀ ደግሞ አራት ሌሊት ብትሉ ይሻላል። ታምቦፓታ ውስጥ እጅግ ርቀው ያሉት ሎጆች ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ የጀልባ ጉዞ አላቸው።

ዋጋ ስታወዳድሩም በሌሊት አታካፍሉ፣ በሙሉ ቀን አካፍሉ። በአብዛኛው ዋጋው በሰው ነው፤ ጀልባ፣ ምግብና አስጎብኚ ተጠቃሎ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ለአንድ አልጋ ጭማሪ ይጠየቃል፣ አንዳንድ ሎጅ ግን ጎብኚ በሚቀንስበት ወቅት ይሄን ጭማሪ ይተዋል። መጠየቅ አያስነውርም።

አስጎብኚው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጫካ ውስጥ አስጎብኚ ከሌላችሁ የምታዩት ቅጠል ብቻ ነው። እንስሳቱ አሉ፣ ግን ተደብቀዋል። ጥሩ አስጎብኚ ሞተሩን ያጠፋና ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ጣቱን ወደ ወንዙ ዳር ይቀስራል፣ እናንተ ግንድ ነው ያላችሁት ካይማን ይሆናል። ሐይቅ ላይ ከሆናችሁ ግዙፎቹ ኦተሮች (ውሃ ውስጥ ዓሣ የሚያድኑ አጥቢ እንስሳት) ገና ሳይታዩ ሲተነፍሱ ሰምቶ ታንኳዋን ያዞራል። ቴሌስኮፑን ተክሎ፣ አስተካክሎ፣ «ነይ እዪ» ሲል ዛፍ ጫፍ ላይ የነበረችው ነጠብጣብ ቱካን የምትባለው ትልቅ መንቁር ያላት ወፍ ሆና ትገኛለች።

ስለዚህ የምትጠይቁት ይሄን ነው። አንድ አስጎብኚ ለስንት ሰው ነው? እስከ ስድስት ጥሩ ነው፣ ስምንትም ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ሰልፍ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አንድ ሰው ነው ወይስ በየቀኑ ይቀያየራል? ቴሌስኮፕ አለው? የሚናገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ርካሾቹ ጋ አስጎብኚው ስፓኒሽ ወይም ፖርቹጊዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። የተወለደው እዚያው አካባቢ ነው? ኤኳዶር ውስጥ ጥሩ ሎጆች ሁለት ሰው ነው የሚመድቡት፤ አንዱ ስለ ተፈጥሮ የተማረና እንግሊዝኛ የሚችል፣ ሌላው ደግሞ ጫካው ውስጥ ያደገ የአካባቢው ሰው። ቀድሞ የሚያየው ሁለተኛው ነው።

ከዛፍ በላይ የሚወጣ ማማ አላቸው ወይ የሚለውም ጥሩ ጥያቄ ነው። የጫካው ሕይወት አብዛኛው ያለው ላይ ነው፣ ከታች አንገት እስኪጣመም ብታንጋጥጡ አታዩትም።

አሁን ማስጠንቀቂያው። ማስታወቂያቸው ላይ ስሎዝ (ዛፍ ላይ የሚኖር ዘገምተኛ እንስሳ) ያቀፈች ቱሪስት፣ አናኮንዳ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ጎረምሳ፣ ትከሻ ላይ የወጣች ጦጣ ካያችሁ እለፉት። ኢኪቶስና ማናውስ አካባቢ ይሄ ነገር ሥራ ሆኗል፤ እንስሳው ከጫካ ተይዞ፣ ታስሮ፣ ለፎቶ ይውላል። በሩሬናባኬ ረግረጋማ ሜዳ ላይ የሚካሄደው ርካሽ ጉብኝትም አናኮንዳ አሳድዶ በመያዝ ስሙ ይነሳል። የትንኝ መከላከያ በተቀባ እጅ ሲነካካ የእባቡን ቆዳ ይጎዳዋል። «እንስሳ እንነካለን?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ካሉ መልሱን አገኛችሁ።

«ኢኮ» የሚለው ጽሑፍ ማንንም አያስከፍልም

ማንም ሰው ጎጆ ሠርቶ፣ ጣሪያውን በዘንባባ ቅጠል ከድኖ «ኢኮ ሎጅ» ብሎ መጻፍ ይችላል። የምስክር ወረቀት አለን ካሉ ከማን እንደሆነ ጠይቁ። ዓለም አቀፉ የዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት ራሱ ለሆቴል ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ መስፈርት ያወጣል፣ የሚያረጋግጡትን ድርጅቶች ይመዝናል። «ምክር ቤቱ ነው የሰጠን» የሚል ካለ ወይ አልገባውም፣ ወይ እያሞኛችሁ ነው።

በሌላ በኩል ወረቀት የሌለው ነገር ግን ሐቀኛ የሆነ ትንሽ ሎጅም አለ፤ ምስክር ወረቀት ገንዘብ ይፈልጋልና። እነሱን በጥያቄ ነው የምትለዩት። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የት ይሄዳል? መብራቱ ሶላር ነው ወይስ ጄኔሬተር? የሚጠጣ ውሃ በትልቅ ጋን ይቀርባል ወይስ በየቀኑ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው? ቆሻሻው ወደ ከተማ ይመለሳል ወይስ እዚያው ይቃጠላል? በየክፍሉ ኤሲ ካለ ደግሞ ያንን ሁሉ ኤሌክትሪክ ከየት እንደሚያመጡት ይንገሯችሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ታምቦፓታ ውስጥ ያለው ፖሳዳ አማዞናስ በዚህ ይጠቀሳል። የኢንፊየርኖ መንደር ሰዎች ከአንድ የጉዞ ድርጅት ጋር በ1996 ለ20 ዓመት ተዋዋሉ፤ ከትርፉ 60 በመቶው ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶው ለድርጅቱ። ኤኳዶር ውስጥ ናፖ ዋይልድላይፍ ሴንተር የሚባለው ሎጅ የአንያንጉ ኪቿ ነባር ሕዝብ ማኅበረሰብ ንብረት ነው። እዚያው ኤኳዶር ያለው ካፓዊ ሎጅ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላንና በታንኳ ብቻ የሚደረስበት ሲሆን፣ በ1996 ተከፍቶ በኋላ ጠቅላላ ለአቹዋር ሕዝብ ተላልፏል። ቦሊቪያ ማዲዲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ቻላላን ሎጅም የሳን ሆሴ ደ ኡቹፒያሞናስ መንደር ንብረት ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ ላይ ብቻ አይደለም። ጫካው ቆሞ የሚያበላው ሰው ሲኖር ጫካውን የሚጠብቅለት ሰው አለ ማለት ነው።

«ማኅበረሰቡን እንረዳለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ከሆነ ዋጋ የለውም። ከትርፉ ስንት በመቶ? ሥራ አስኪያጁ ከየት ነው? እንጨት ተሸካሚውና አልጋ አንጣፊው ብቻ ከሆነ የአካባቢው ሰው፣ ገብቷችኋል።

አሁን ወደ ክፍሉ

ብዙ ሎጆች ላይ የክፍሉ አንድ ወገን ክፍት ነው፣ ፊት ለፊት ጫካ። ደስ ይላል። ነገር ግን በክፍሎቹ መሃል ያለው ግድግዳ ጣሪያ አይነካም፣ ጎረቤታችሁ ሲያንኮራፋ እንደ አብሮ አደር ትሰሙታላችሁ። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ ወይም ራሱን የቻለ ጎጆ ጠይቁ። የሌሊት ወፍ ጣሪያው ውስጥ ቢኖር ማንም ይቅርታ አይጠይቃችሁም።

አጎበሩን በቁም ነገር ያዙት። ትንኝ ብቻ አይደለም የሚጠበቀው። ቁንጭር የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ስለምታንስ በሰፊ ቀዳዳ ትገባለች። ቀዳዳው ጠባብ ነው? በመድኃኒት ተነክሯል? የደረሳችሁ ቀን ማታ መብራት ሳይጠፋ ዙሪያውን ዳብሱት፣ ቀዳዳ ካለ ወዲያው ይቀየርላችሁ።

መብራት በሰዓት ነው። ማታ ጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴ ቀን ላይም። ባትሪ የሚሞላው ምግብ ቤቱ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌሊት የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ካላችሁ ይሄን ሳታረጋግጡ ሳንቲም አትክፈሉ። ሙቅ ውሃ ከሌለ ግድ የለም፣ ከዚያ ሙቀት በኋላ ቀዝቃዛው ይናፍቃል። ቦቲ ጫማ ያውሷችኋል፣ እግሩ ትልቅ የሆነ ሰው ግን ቁጥሩን ቀድሞ ይጻፍላቸው። ዋይፋይ አሁን አሁን ብዙ ቦታ ገብቷል። ገብቶ ባይሆን ይሻል ነበር የምልም አለሁ።

የከተማዋ ትንሽ ሆቴል

ጀልባው ጠዋት ስለሚነሳ አንድ ሌሊት ከተማ ማደር አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ ግን ሦስት ነገር እዩ። ክፍሉ ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ውስጥ? ኢኪቶስ ውስጥ የሞተር ታክሲው ጩኸት እስከ ሌሊት አይቆምም፣ ስለዚህ የጓሮ ክፍል በሉ። ወደ ውስጥ ሲሆን ደግሞ መስኮት የሌለው ይሰጧችኋል፣ ኤሲው ወይም ፋኑ መሥራቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ቁልፉን ተቀበሉ። ሦስተኛ፣ የሎጁ ሰዎች እዚያ ድረስ መጥተው ይወስዷችኋል? አብዛኞቹ ከአውሮፕላን ማረፊያና ከከተማ ሆቴል በነፃ ይወስዳሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ፎቶ ይዘው የሚቀበሏችሁን ደላሎች እለፏቸው። ማናውስና ኢኪቶስ በዚህ የታወቁ ናቸው። ፔሩ ውስጥ ኢፔሩ የሚባል የመንግሥት የቱሪስት መረጃ ቢሮ አለ፣ በነፃ ይረዷችኋል። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ማንኛውም የጉዞ ድርጅት ካዳስቱር በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ መኖር አለበት፣ ስሙን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ኢኪቶስ አካባቢ ሎጅ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ቦታዎች የአያዋስካ (ቅዠት የሚያሳይ የዕፅዋት መጠጥ) መጠጫ ማዕከላት መሆናቸውንም ልብ በሉ። እንስሳ ለማየት ሄዳችሁ እዚያ ብትገቡ ጉድ ነው።

ጫካ ውስጥ ኤቲኤም የለም። ለአስጎብኚውና ለጀልባ ነጂው ጉርሻ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከከተማ ያዙ። ኤኳዶር የምትጠቀመው በአሜሪካ ዶላር ነው፣ ግን ባለ 50ና ባለ 100 ኖት የሚቀበላችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ዝርዝር ይሁን። ፔሩ ላይ ጫፉ የተቀደደ ዶላር አይነካም።

ከመክፈላችሁ በፊት

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ። ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለወባ መድኃኒቱን ሐኪም ይወስንላችሁ፣ ግን የምትሄዱበትን ወረዳ ስም ነግራችሁ ጠይቁት። ፔሩ ውስጥ ወባ በብዛት ያለው ኢኪቶስ ባለችበት ሎሬቶ ነው፣ ታምቦፓታ በኩል ስጋቱ ያነሰ ነው።

ሎጁን ደግሞ ይሄን ጠይቁ፦ ሰው ሌሊት ቢታመም ወይ እባብ ቢነድፈው በስንት ሰዓት ሐኪም ቤት ይደርሳል? ጀልባ ሌሊትም ዝግጁ ነው? ሬዲዮ ወይም የሳተላይት ስልክ አላችሁ?

የሰዎችን አስተያየት ስታነቡ ኮከቡን ተዉትና ወሩን እዩ። በሰኔ የሄደ ሰው ምስጋና በጥቅምት ለምትሄዱት አይሆንም። የአስጎብኚ ስም እየጠሩ የሚያመሰግኑት ደጋግመው የሚመጡ ከሆነ ግን ያንን ስም ያዙና ቦታ ስትይዙ «እሱ ይመደብልን» በሉ። ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ቀብድ ስትከፍሉ የመሰረዣ ደንቡን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በተለይ በረራ በአየር ፀባይ ምክንያት ቢሰረዝና ጀልባው ቢያመልጣችሁ ምን እንደሚሆን። ከኩስኮና ከኪቶ የሚነሱ በረራዎች በጭጋግና በዝናብ መዘግየታቸው ያለ ነገር ነው፣ ስለዚህ ወደ አገር ቤት የምትመለሱበትን ትኬት ከጫካ በወጣችሁበት ቀን አትቁረጡ።